ከሰኞ እስከ ዓርብ የት ነው የሚያድሩት?

እሁድ ከሰዓት በኋላ በጎጃም የገጠር መንገድ ያለፈ ሰው ሳያያቸው አይቀርም። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ብቅ ብቅ የሚሉት። ሁለትም ሦስትም ሆነው ወደ ወረዳ ከተማው ይነጉዳሉ። አንዱ ጆንያ በትከሻው ጣል አድርጓል። ሌላው በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው ፌስታል ይዟል። ሴቶቹ እንጀራውን በላስቲክ ጠቅልለው በነጠላ አዝለውታል። ከኋላ ሲያዩዋቸው ልጅ ያዘሉ ይመስላሉ። ጀንበር ሳትጠልቅ መግባት ስላለባቸው ቆም ብለው አያወሩም። ሰላም ቢሏቸውም እየሄዱ ነው የሚመልሱት።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። የተሸከሙት የሳምንት ስንቃቸውን ነው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ በሶ። ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነው። የእነሱ ቤት ደግሞ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት በእግር ይርቃል። በየቀኑ መመላለስ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ቤት ይከራያሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ብዙዎቹ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው።

እኔም በዚያ መንገድ ስንቅ ተሸክሜ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የምንሰማው ወሬ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት የጀመረው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው ያለፉት 48,929 ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,249 ነበሩ።

ቁጥሩ ትክክለኛ ነው። እንዲደበቅም አልፈልግም። ድሮ በኩረጃ ያበጠው ውጤት ማንንም አልጠቀመም። እኔን የሚከነክነኝ ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ወሬ ነው። «መምህሩ ደካማ ነው»፣ «ተማሪው ስልክ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው»፣ «ወላጁ አይከታተልም» ይባላል። «ዜሮ ያሳለፈ ትምህርት ቤት» የሚል ስም ይወጣና እዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ስለ መጽሐፍ እጥረት ይወራል። ስለ ላብራቶሪ ይወራል። ሁሉም እውነትነት አለው። ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን ብዙ አልገጠመኝም።

የኔን ቤት ልንገራችሁ።

አራት ሆነን ነበር የተከራየነው። ጭቃ ቤት ነው። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ሁለታችን መደብ ላይ፣ ሁለታችን መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈን እንተኛለን። በየሳምንቱ እንቀያየራለን። ስንቃችን አይጥ እንዳያገኘው ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ ይንጠለጠላል።

እሁድ ማታ የእናታችን ቤት ጭስ ጭስ የሚል እንጀራ እንበላለን። ሰኞና ማክሰኞም ደህና ነው። ረቡዕ ጠርዙ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይጀምረዋል። እሱን በጣት ቆንጠር አድርገን እንጥላለን። ሐሙስ ሻጋታው መሃል ይደርሳል። ያኔ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥተን ድርቆሽ እናደርገዋለን። ዓርብ ድርቆሹን በውሃና በበርበሬ አርሰን እንበላለን። እሱም ካለቀ ቆሎ ቆርጥመን ክፍል እንገባለን። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲገባ ድርቆሹም አይሆንም፣ ማድረቂያ ፀሐይ የለማ። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ደግሞ የሚመጣው ያኔ ነው።

ማታ የምናነበው በኩራዝ ነበር። አራት ደብተር በአንድ ኩራዝ ዙሪያ። ጋዙን በተራ እንገዛለን። ተራው የደረሰ ልጅ ሳንቲም ካጣ ያን ሳምንት በጊዜ እንተኛለን። ዛሬ ኩራዙን የስልክ መብራትና ትንንሽ ሶላር ተክተውታል። አምና አገር ቤት ሄጄ የተከራዮቹን ቤት ገብቼ አየሁ። መብራቱ ተሻሽሏል። ጆንያው ግን እዚያው ማገሩ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

አሁን ሳምንቱን እንቁጠረው። ቤቱ አራት ሰዓት የሚርቅ ልጅ ዓርብ ዘጠኝ ተኩል ላይ ቢለቀቅ፣ የሚደርሰው ከምሽቱ አንድ ተኩል ነው። ጅብ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ጨለማ አለ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ክፍል አይገባም። መምህሩም ያውቃል። ግማሹ ተማሪ በሌለበት አዲስ ምዕራፍ አይጀምርም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ እሁድ መምጣት ያልቻሉት ገና መንገድ ላይ ናቸው። አህያ ጠፍቶባቸው ወይም እናት ታማባቸው ይሆናል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ላብ በላብ ሆነው ይገባሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አጨዳና ውቂያ አለ። እንዲህ እየሆነ በሳምንት አንድ ቀን የሚጠጋ ትምህርት ቢጠፋ፣ በዓመት ከአንድ ወር በላይ ነው። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ስትደምሩት ከግማሽ የትምህርት ዓመት ይበልጣል።

ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የምንነግረው ታሪክ አለ። አሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ሲሮጥ ግራ እጁን ጠጋ የሚያደርጋት ደብተር ከመያዝ የቀረች ልማድ ናት ይባላል። ታሪኩን ሁላችንም እንወደዋለን። እኔ ግን ስሰማው የማስበው በየአገሩ መንገድ ደብተር ታቅፈው የሚሮጡትን ሌሎች ልጆች ነው። ደክሟቸው ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉትን።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ብዙ ወላጅ ወንድምና እህትን አንድ ቤት ያስቀምጣል። ለእሷ ጠባቂ፣ ለእሱ ወጥ ሠሪ ይሆናሉ ተብሎ ነው። ከትምህርት ቤት እኩል ይወጣሉ። እሱ ደብተሩን ይከፍታል። እሷ ጀሪካን ይዛ ቧንቧ ትሰለፋለች። ውሃ ቀድታ፣ ሽሮ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ካርድ ይመጣል። እሱ ዐሥረኛ፣ እሷ ሠላሳኛ ትወጣለች። አባት ሁለቱን ካርዶች አስተያይቶ «እሷ እንኳ ትምህርቱ አልሆነላትም» ይላል። እኔ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ብቻቸውን የተከራዩት ደግሞ ማታ ማታ በር ይንኳኳባቸዋል። በሩ የረባ ቁልፍ የለውም። ወላጅ ይህን ሲሰማ ይፈራል። ሲፈራ ደግሞ ትዳር ይመጣል። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ሆኗል። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጁን ባዕድ ከተማ፣ ቁልፍ በሌለው ቤት ያስቀመጠ አባት መጀመሪያ የሚታየው ሕጉ አይደለም።

ዐሥረኛ ክፍል አብራን የምትማር ልጅ ነበረች። የክፍላችን አንደኛ እሷ ነበረች። ሒሳብ ላይ መምህሩ ሲሳሳት ዝም ብላ እጇን ታወጣና «ጋሼ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ» ትላለች። ሌላ አትናገርም። ለፋሲካ አገሯ ሄደች። እኛ ድፎ ዳቦ ይዛ ትመጣለች ብለን እንጠብቃለን። ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ የሆም ሩም መምህራችን ስሟን ሳይጠራ አለፈው። ዳቦዋን እየጠበቅን የነበርነው ልጆች ዞር ብለን ባዶውን ወንበር አየነው። ይኸው ነው፤ ማንም ሄዶ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ወደ አንድ የቆየ ነገር ልመለስ። ጎጃም የቆሎ ተማሪ አገር ነው። ቅኔ ሊማር ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር የመጣ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሰፈሩ ሰው ልጁን አያውቀውም። ዘመድ አይደለም። ተምሮ ሲጨርስ ሌላ አገር ይሄዳል። ግን ከመሶቡ ቆርሶ፣ ከቆሎው ዘግኖ ይሰጠዋል። ወሎ ውስጥም ደረሳው እንዲሁ ነበር። ቁርኣንና ኪታብ ሊቀራ ከሩቅ የመጣውን ደረሳ በሼሁ ዙሪያ ያለው መንደር ያበላው ነበር።

ኑሮው የተመቸ ነበር እያልኩ አይደለም። ረሃቡ፣ የውሻ ንክሻው፣ በሽታው ብዙ ነበር። ስንቱ ልጅ በየመንገዱ ቀርቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰዉ ከሩቅ ለትምህርት የመጣ ልጅ የሰፈሩ ጉዳይ ነው ብሎ ያምን ነበር። ያ ተማሪ የመንደሩ ነበር። የዛሬው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ተከራይ ነው። ወር ሲሞላ ኪራይ ይጠየቃል። በተረፈ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለው የማንም ጉዳይ አይደለም።

ሁሉም አከራይ እንዲህ ነው ማለት ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። የኛዋ አከራይ ሐሙስ ማታ ድስት ይዛ ትመጣ ነበር። «ተርፎን ነው፣ እንዳይበላሽ ብሉት» ትላለች። ትኩስ የሽሮ ወጥ ከሁለት እንጀራ ጋር። ለምን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እንደሚተርፋቸው የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው። እንጀራችን ሐሙስ እንደሚበላሽ ታውቅ ነበር። አንድም ቀን ግን «ራባችሁ?» ብላ አልጠየቀችንም።

የገጠር ትምህርት ቤት ሕይወት ችግር ብቻም አይደለም። ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን አለ። ሚኒ ሚዲያው ከጠዋት ጀምሮ በተቀደደ ስፒከር ዘፈን ይለቃል። የድራማ ክበብ ስለ ጠለፋ ወይም ስለ ኩረጃ ተውኔት ያሳያል። ዘጠነኛ ሀ ከዘጠነኛ ለ በጥያቄና መልስ ይወዳደራል። ከየቀበሌው ጋቢያቸውን ለብሰው የመጡ አባቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እናቶች ጥላ ይዘው ሳሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡ ተማሪዎች ደብተር፣ መዝገበ ቃላት፣ ሶላር ይሸለማሉ።

አምና በሄድኩበት ጊዜ አንድ አባት የልጁን የምስክር ወረቀት ተቀብሎ አየሁ። ወደ መቀመጫው አልተመለሰም። እዚያው መምህሩ አጠገብ ቆመ። «ስሙ የቱ ጋ ነው?» አለ። መምህሩ በጣቱ አሳየው። አባት አውራ ጣቱን እዚያው መስመር ላይ እንዳደረገ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ተቀመጠ። ዝግጅቱ እስኪያልቅ ጣቱን አላነሳም።

እኔ ስለ ተማሪ ስኬት ሳስብ እሱ ትዝ ይለኛል። የኛ ቤት አራቱ ልጆችም ትዝ ይሉኛል። አንዱ ዛሬ ጤና ጣቢያ ነርስ ነው። አንዱ እዚያው ወረዳ ፊዚክስ ያስተምራል። እኔ ከተማ ገባሁ። አራተኛው አላለፈም። እንጨት ሥራ ተማረ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ዴስኮች የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። በመቶኛው ሲሰላ እሱ ወድቋል። በኔ ግምት እዚያ ትምህርት ቤት ላይ ከአራታችንም የበለጠ የሠራው እሱ ነው።

አቅም የለም እንዳይባል፣ የአብዛኛው ገጠር ትምህርት ቤት ግድግዳ በሕዝብ እጅ የቆመ ነው። ድንጋይ የፈለጠው፣ አሸዋ ያጋዘው፣ ባሕር ዛፍ የቆረጠው፣ በየቤቱ ብር ያዋጣው ገበሬው ነው። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ የሚባለው) በሩ ሲሰበር ያሠራል፣ ዘበኛ ይቀጥራል። ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ንቅናቄ ከጀመረ ወዲህም ብዙ ክፍሎች በሕዝብ መዋጮ ታድሰዋል። ሩቅ ያሉ ተወላጆችም ያዋጣሉ። ከአሜሪካ የሚልኩ አሉ። ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ሰው ቤት እየሠሩ የታናሽ ወንድማቸውን የቤት ኪራይ የሚከፍሉ እህቶች አሉ። ከእነሱ ስንቱ ትምህርታቸውን ስምንተኛ ወይም ዐሥረኛ ላይ አቋርጠው የሄዱ ናቸው። ይህ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ግን ክፍል መሥራት ላይ ያልቃል፤ የተረፈው ለየብቻ ለኪራይ ይበተናል። ልጆቹ የሚያድሩበት ቤት የማንም ዕቅድ ውስጥ የለም።

ባለፉት ዓመታት ያየሁት አንድ ነገር ግን አለ፤ ስለሱ ብዙ ሲወራም አልሰማሁም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከሆነ ወዲህ፣ የገጠር ተማሪ ለፈተናው ቀናት አልጋ ላይ ይተኛል። በቀን ሦስቴ ትኩስ ምግብ ይበላል። ማታ የኤሌክትሪክ መብራት ያገኛል። ለብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያ ነው። አንድ ተፈታኝ ልጅ «ጋሼ፣ እዚያ እያለሁ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳልነቃ የተኛሁት» አለኝ። አስቡት። መንግሥት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ማስተኛትና ማብላት ችሏል። አራት ዓመት ሙሉ ስንፈልገው የነበረው ይህ ነው። የተገኘው ግን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ ለፈተናው ብቻ ነው።

የአዳሪ ትምህርት ቤቶችንም ተመልከቱ። አዳማ ያለውን የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት፣ መቀሌ ያለውን ቃላሚኖን የማያውቅ የለም። ከፍተኛ ውጤት ሲነሳ አዳሪዎቹ አብረው ይነሳሉ። «ተማሪዎቹኮ ተመርጠው የገቡ ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጎበዝ ልጅ ተመርጦ ሲገባ ጎበዝ ሆኖ ይወጣል። ግን ያንኑ ልጅ እኛ ቤት፣ ሰሌኑ ላይ ቢያስተኙት ያንኑ ውጤት ያመጣ ነበር? አይመስለኝም። አንደኛ የወጣውን ልጅ ወስደን አልጋና መብራት የምንሰጠው፣ ሃያኛ የወጣውን ግን ከሻገተ እንጀራው ጋር የምንተወው በምን ሒሳብ ነው? ሃያኛውም አልጋ ቢያገኝ አምስተኛ ሊሆን ይችላል። የክፍላችን አንደኛ የነበረችዋ ልጅ እንኳ አልተመረጠችም።

የምጠይቀው ቅንጡ ነገር አይደለም። በየትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ በአገሩ ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ለሴቶች ለብቻ ለወንዶች ለብቻ የሆነ ማደሪያ ይሠራ ነው የምለው። መጀመሪያ የሴቶቹ ይሠራ። በሩ ቁልፍ ይኑረው። የምታድር አንዲት ጎልማሳ እናት ትቀጠር። ከማደሪያው ጎን ማብሰያ ቤትና ሁለት ምጣድ ይኑር። ወላጅ በየሳምንቱ የሚሻግት እንጀራ ከሚያሸክም ይልቅ በዓመት አንዴ፣ በመኸር፣ እህሉን በኩንታል ያስገባ። ጤፉም በቆሎውም ሽሮውም አንድ ላይ ይጠራቀምና ትኩስ ይጋገር። ልጁ ስንቅ ሊያመጣ በየሳምንቱ መመላለሱ ሲቀር፣ የዓርብ ከሰዓቱና የሰኞ ጠዋቱ ትምህርት ይተርፋል። አሁን በየወሩ ለኪራይ የሚወጣው ብር ተደምሮ የማብሰያዋን ደመወዝ ይሸፍናል። ሂሳቡን ወተመሁ ይያዘው። የእድር ሒሳብ የሚይዝ አገር ይህን ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

እስከዚያው ድረስ ግን ነገ ማታ ሊሆን የሚችል ነገር አለ። ብዙ ትምህርት ቤት ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። ዴስኩ፣ ሰሌዳው፣ አንዳንዱ ጋ ሶላሩም ከውስጥ ይቆለፍበታል። ዘበኛው በር ላይ ቁጭ ይላል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ መቶ፣ ሁለት መቶ ልጆች ጠባብ ቤት ውስጥ ታጉረው በስልክ መብራት ያነባሉ። ሁለት ክፍል ይከፈትላቸው። መምህራን በተራ ይቀመጡ። ለመምህሩ አበል ይታሰብለት፤ እሱም ተከራይ ነው፣ እሱም ኑሮ አናቱ ላይ ወጥቶበታል። ለሴቶቹ ሲመለሱ የሚያጅባቸው ሰው ይመደብ። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም።

የአማራ ክልልን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ስንቅ ተሸክመው የሚመላለሱበት መንገድ ራሱ የሚያስፈራ ሆኗል። ዓመታት የባከኑባቸው ልጆች አሉ። ማደሪያና ምጣድ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን የምፈራው፣ ሰላም ሲሆን ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሳለ ማደሪያ አጥተው እንዳይቀሩ ነው። ወላጁ ደህይቷል። በሬውን የሸጠ አለ። ኪራይ ከየት ያመጣል? ሴት ልጁንስ በዚህ ሁኔታ ብቻዋን ያስቀምጣል?

ምዝገባ ትምህርት ሊጀመር ሲል ነው። ርዕሳነ መምህራን ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪ ስትመዘግቡ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ትጽፋላችሁ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የት ታድራለህ፣ የት ታድሪያለሽ? ከማን ጋር? የሆም ሩም መምህሩ ያንን ወረቀት ይያዘው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ወንበር ባዶ ሲሆን የትኛው በር ላይ ሄዶ «ልጅቷስ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ይወቅ።